በአጥንት የተጣራ ውሃ

አዳማ ላይ፣ ከአሮጌው መናኸሪያ ፈንጠር ብሎ፣ አንድ የተግባራዊ ምርምር ተቋም ነበር። ነበር ሲባል ዛሬ የለም ማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር ምን ቆርጦት ይጠፋል። ተቋሙ ሦስት ክፍሎች ነበሩት። ምድር ቤቱ የማቴሪያል ሳይንስ፣ መሃለኛው ፎቅ ዘላቂ የጤና አጠባበቅ፣ ከላይ አየር የሚነፍስበት ደግሞ ዲጂታል ቢዝነስ። በአንድ ደረጃ ይወጡ ይወርዱ እንጂ ሰላምታቸው የጣውንት ሰላምታ ነበር። ላይኞቹ ታችኞቹን ጥላሸታም ይሏቸዋል፣ ታችኞቹ ላይኞቹን ወሬኛ ይሏቸዋል፣ መሃለኞቹ ደግሞ ሁለቱንም መጠይቅ ያስሞሏቸዋል።

ታዲያ አንድ ቀን ከውጭ አገር ጥሪ መጣ። ሦስቱን ዘርፎች ያቀናጀ ፕሮጀክት ላቀረበ ድጋፍ ይሰጣል ይላል። ዋና ዳይሬክተሩ ዶክተር ቶሌራ ያነበቡት ዕለት፣ አብሮ ተቀምጦ የማያውቀውን ሠራተኛ ሁሉ አንድ አዳራሽ ሰብስበው፣ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለው ንግግር ከፈቱ። ድሩ ተሰብስቧል፤ የሚታሰረው አንበሳ ግን ምን እንደሆነ ገና አልታወቀም። አዳራሹ ሙሉ የተማረ ሰው ቁጭ ብሎ አንበሳ ሲፈልግ አረፈደ።

ያን ጊዜ ነው ሌንሳ ከኋላ ወንበር እጇን ያነሳችው።

ሌንሳ የምድር ቤቱ ሰው ናት፤ የማቴሪያል ሳይንስ ተመራማሪ። ተወልዳ ያደገችው ከዓለም ጤና ከተማ ወጣ ብላ ባለች ቡርቃ በምትባል የሽንኩርት አገር ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ዓለም ጤናን ያወጣው መልአክ ግን ውሃውን አልቀመሰውም። በዚያ አካባቢ ከመሬት የሚወጣው ውሃ ኩልል ያለ ነው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕሙም ደህና፤ ውስጡ ግን ፍሎራይድ የሚሉት ነገር በዝቶበታል። እሱን እየጠጣ ያደገ ልጅ ጥርሱ ይበልዛል፤ ሲያረጅ ደግሞ ጉልበቱና ወገቡ አልታጠፍ ይለዋል። የሌንሳም ጥርስ የበለዘ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባች ሰሞን አንዱ ባለጌ፣ «ትንባሆ ታኝኪያለሽ እንዴ» ብሏት፣ ከዚያ ወዲያ ትምህርቷን እስክትጨርስ ከንፈሯን ገጥማ ተማረች።

አሁን ግን ያስጨነቃት የራሷ ጥርስ አልነበረም፤ የሷስ አንዴ ሆኗል። ያስጨነቃት ሲና ናት። ሲና የታናሽ እህቷ የጂጂ ልጅ ናት፣ ያኔ ገና ጡት የምትጠባ። ሌንሳ የምታውቀው፣ የመንደሩ ሰው ግን የማያውቀው ነገር አለ፤ ሕፃን የወተት ጥርሱን እንኳ አብቅሎ ሳይጨርስ፣ ትልቁ ጥርሱ ድድ ውስጥ ተደብቆ መሠራት ይጀምራል። በነዚያ ዓመታት የሚጠጣው ውሃ ጥርሱ ውስጥ ይገባል። ጥርሱ ብቅ ባለ ጊዜ ነገሩ አብቅቷል፤ ቢፍቁት፣ በከሰል ቢያሹት፣ በሎሚ ቢያጥቡት ወይ ፍንክች። እና ሲና ቡርቃ የሚበላውን በልታ፣ ቡርቃ የሚጠጣውን ልትጠጣ ጥቂት ወራት ነው የቀራት።

መላውንም ሌንሳ ታውቀው ነበር። አጥንት አየር በማያስገባ በርሜል ታፍኖ ሲከስል ጥቁር ፍርፋሪ ይሆናል፤ ውሃ በዚያ ላይ ሲያልፍ ፍሎራይዱን ይዞ ያስቀርለታል። አዲስ ነገር አይደለም፣ ዓለም የሚያውቀው ነው። እሷም ምድር ቤቱ ውስጥ አክስላ፣ ፈትሻ፣ ለክታ ጨርሳለች። «የቀረው መንደር ወስዶ መትከል ነው» አለች ለጉባኤው፣ «ቢበዛ የአንድ በጋ ሥራ ነው።»

ዶክተር ቶሌራ ደስ ብሏቸው ተነሱ። «አንበሳው ተገኘ» አሉ። ከዚያ የአንድ በጋውን ሥራ በሦስት ክፍሎች አቀናጁት፤ ጉዱ የፈላው ያኔ ነው።

የጤና ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ልዩ፣ ሰዉ ጥርሱ መበለዙን ያውቅ እንደሆነ አስቀድሞ ይጠና አለች። ጠያቂዎች ቡርቃ ገብተው፣ የበለዘ ጥርሱን ገልጦ ፈገግ ያለላቸውን ሽማግሌ ሁሉ፣ «ጥርስዎ በልዟል ብለው ያምናሉ? በጣም አምናለሁ፣ አምናለሁ፣ ለመወሰን እቸገራለሁ» እያሉ መረመሩ። አንዱ ሽማግሌ ጠያቂዋን፣ «ልጄ፣ አንቺ ካላየሽው እኔ ምን አውቃለሁ» አላት። ለመወሰን ይቸገራል ተብሎ ተሞላ።

ዲጂታል ቢዝነስ ደግሞ ለሚ ነው። ለሚ ክፋት የለውም፤ ሸጋ ልጅ ነው፣ ጫማው ሁልጊዜ ነጭ ነው፣ የሚናገረውን ግማሹን ሰው አይገባውም፣ ሌላውን ግማሽ ደግሞ እሱም የገባው አይመስልም። «ውሃ ማጣራት ይቻላል» አለ ለሚ፣ «ጥያቄው ውሃው ፕላትፎርም አለው ወይ ነው።» ስለዚህ ቦኖው በስልክ የሚከፈት ስማርት ቦኖ ይሁን ተባለ። የቡርቃ ሴቶች ስልክ ባትሪው በላስቲክ የታሰረ መሆኑ ሲነገረው አልደነገጠም፤ ለያንዳንዱ ቤት ካርድ አሳትማለሁ፣ ካርዱን ስክሪን ላይ ሲያስነኩ ቧንቧው ይከፈታል አለ። አያቶቻችን ያለ ካርድ እንዴት ውሃ እንደጠጡ ይገርማል።

ከዚያማ ወርክሾፕ ነው። አንዴ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር፣ አንዴ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አንዴ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር። የውሃ ፕሮጀክት ስለሆነ ውሃ ማየቱ ለአስተሳሰብ ይረዳል ተባለ። ስትራቴጂው ሲጸድቅ ሲና ዳዴ ትል ነበር። ሎጎው ሊመረጥ ሲል፣ እላዩ ላይ ያለችው የውሃ ጠብታ ሰማያዊ ትሁን አረንጓዴ በሚለው ክፍሎቹ ተኳርፈው ሰነበቱ፤ ታርቀው ሲመለሱ ሲና በእግሯ ሄዳ፣ ጀሪካኑን እያሳየች «ቢሻን» ትል ጀምራለች፣ ውሃ ስጡኝ ማለቷ ነው። ጂጂም ከድሮው ጉድጓድ የተቀዳውን በኩባያ ታጠጣታለች፤ ከየት ሌላ ታምጣ። ሌንሳ በየስብሰባው ተነስታ፣ «መቼ ነው የምንተክለው» ትላለች፣ ዶክተር ቶሌራም፣ «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ በሚቀጥለው እናየዋለን» ይላሉ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ አለ ሰውዬው።

ሌንሳ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ አጥንት ትሰበስብ ነበር። አዳማ ሥጋ ቤት ሞልቷል። መስቀል ከተሳለበትም፣ ጨረቃና ኮከብ ከተሳለበትም እየዞረች፣ በማዳበሪያ እያስሞላች፣ በባጃጅ እያስጫነች ታመጣለች። አምጥታም ሁሉንም በአንድ በርሜል ከተተችው። የነበራት በርሜል አንድ ነው፤ ሁለተኛው «ግዢው በሂደት ላይ ነው» እየተባለ ሲና ሁለት ጫማ ቀይራለች። ደግሞስ አጥንት ከከሰለ ወዲያ የማን ይባላል ብላ ሌንሳ አላሰበችም። የሚገርመው ይሄ ነው፤ እሷ ራሷ የኦርቶዶክስ ልጅ ናት፣ አዳማ ይህን ያህል ዘመን ስትኖር ጨረቃ ካለበት ሥጋ ቤት አንዲት ጉርሻ ጥብስ ቀምሳ አታውቅም። ያኛው ግን ምሳ ነው፣ ይሄኛው ላብራቶሪ ነው፤ ሁለቱ በአእምሮዋ ውስጥ ተገናኝተው አያውቁም።

በመጨረሻ ተፈቀደላትና ማጣሪያውን ቡርቃ ወስዳ ተከለችው። ሰዉ ከቦ ሲያይ፣ «ይሄ ጥቁሩ ምንድን ነው» አላት። «ከሰል ነው» አለች። ውሸት አይደለም፣ ከሰል ነው። የምን ከሰል ያላት አልነበረም፣ እሷም በገዛ እጇ ነገር አልፈለገችም።

ቦኖው ለሙከራ ያለ ካርድ ተከፈተ፣ ሴቶቹም ወደዱት። ሌንሳ ማታ ማታ ለጂጂ ትደውላለች፤ ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ፣ «ሲና ከየትኛው ጠጣች?» ነው። «ካንቺው ነው፣ ካንቺው ነው» ትላታለች ጂጂ እየሳቀች። በዚያ ሰሞን ሌንሳ የሰላም እንቅልፍ ተኛች።

ምርቃቱ የተቆረጠው በገና ጾም ነው። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ እንዲሉ፣ ለሚ ስክሪኑን የገጠመው ባነሩ ከተሰቀለ በኋላ ነበር። ለጋሾቹ ግልጽነት የምትል ቃል ይወዳሉ፤ ስለዚህ ለሚ አንድ አዲስ ነገር ጨምሯል፤ ካርዱን ያስነካ ሰው የሚጠጣው ውሃ ከምን ከምን ተሠርቶ እዚህ እንደደረሰ ስክሪኑ በድምፅ ይነግረዋል። ለዚህም ከጥቂት ቀን በፊት ሌንሳ ዘንድ ደውሎ ማጣሪያው ከምን እንደተሠራ ጠይቋት ነበር። እቶኑን እያራገፈች አንድ በአንድ ነገረችው፤ ለምን እንደፈለገው አልጠየቀችም። ለሚም ጠንቃቃ ነው፣ የነገሩትን አንዲት አያጎድልም።

ጠዋት ነው የተባለው ዝግጅት ከሰዓት ተጀመረ። ለካሜራ እንዲያምር የመንደሩ ቄስ ኃይለጊዮርጊስና ሐጂ ጫምሳ ጎን ለጎን ቆመው ሪባኑን በአንድ መቀስ ቆረጡ። ዶክተር ቶሌራ ስለ መቀናጀት ብዙ ተናገሩ። ከዚያ ሐጂው በተሰጣቸው ካርድ ስክሪኑን ነኩት፣ ቧንቧው ተከፈተ፣ ለሁለቱም በብርጭቆ ተቀዳላቸው። ሐጂ ጫምሳ ቢስሚላህ ብለው ጎንጨት አሉ። ያኔ አንዲት የተቀዳች የሴት ድምፅ በትልቁ ስፒከር ወጣች።

«እንኳን ደህና መጡ። የሚጠጡት ውሃ በአጥንት ከሰል የተጣራ ነው። የአጥንቱ ዓይነት፣ የበሬ። የአጥንቱ ምንጭ፣ የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች እና የሙስሊም ሥጋ ቤቶች። ሁኔታ፣ የተደባለቀ። ስለመረጡን እናመሰግናለን።»

በአማርኛ ያመለጠው ካለ ብላ በኦሮምኛ ደገመችው።

ቄስ ኃይለጊዮርጊስ ብርጭቆውን ከከንፈራቸው አራቁት። ሐጂ ጫምሳ የጎነጩትን መዋጥም መትፋትም አቅቷቸው ጉንጫቸውን ነፍተው ቆሙ። ማንም አልጮኸም፤ የዚያ አገር ሰው ሲቆጣ ዝም ነው የሚለው። ቀድሞ አንዷ ጀሪካኗን መሬት ላይ ዘቀዘቀችው፣ ሁለተኛዋ ተከተለቻት፣ ከዚያ ሴቶቹ ሁሉ ተሰልፈው ደፉት፤ ቦኖው ዙሪያ ጭቃ ሆነ። ዶክተር ቶሌራ ባህላዊ ሥርዓት መስሏቸው አጨበጨቡ።

የጂጂ የአጥር ጎረቤት ፈውዚያ ወደ ሌንሳ መጣች። ፈውዚያ ሌንሳን ከሕፃንነቷ አዝላ ያሳደገቻት ናት ማለት ይቻላል።

«አጥንት መሆኑን ታውቂ ነበር?» አለቻት።

«አውቅ ነበር።»

«የኛና የናንተ መደባለቁንም?»

«አደዬ ፈውዚያ፣ እሳት ከበላው በኋላ እኮ አጥንት አይደለም። ሃይማኖት የለውም።»

«እሱ የለው ይሆናል» አለች ፈውዚያ፣ «እኛ ግን አለን።» ቀጥላም፣ «አንቺ አዳማ የኛን ሥጋ ትበያለሽ?» አለቻት።

«አልበላም» አለች ሌንሳ።

«እኔም የናንተን አልበላም። ስኖር ተቀይሜሽ አላውቅም፣ አንቺም ተቀይመሽኝ አታውቂም። ታዲያ ምን ነበረበት ብትጠይቂን?»

የጂጂ ደግሞ ባሰ። ሌንሳ ቤት ስትደርስ እህቷ የሲናን ኩባያ በአመድ ፈትጋ አጥባ፣ ሰው ወደ ድሮው ጉድጓድ ልካ ነበር። ሌንሳ ለመነች፣ ተቆጣች፣ ጥርሱ አሁን ድድ ውስጥ እየተሠራ ነው፣ አሁን ካመለጠን አመለጠን ብላ አስረዳች። «ጥርስ ለዚህ ዓለም ነው፣ ሌንሲ» አለች ጂጂ፣ «ደግሞ አንቺ ነሽ ከሰል ነው ያልሽኝ።» ሌንሳ ተናደደች። በጂጂ ተናደደች፣ በለሚ ስፒከር ተናደደች፣ ከሁሉም ይልቅ በራሷ ተናደደች፤ አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር፣ ያንን ቃል ውጣ ልጅቷን መልሳ ጉድጓድ ዳር አስቀመጠቻት። አዳማ እስክትደርስ መኪና ውስጥ አለቀሰች።

ተቋሙ ውስጥ ለቅሶ ትጠብቅ ነበር፤ የጠበቃት ሠርግ ነው። ዶክተር ቶሌራ ፊታቸው በርቷል። «ይህ ውድቀት አይደለም፣ ግኝት ነው» አሉ። ሃይማኖት በውሃ ማጣሪያ ላይ ያለው ተጽዕኖ እስካሁን በቅጡ አልተጠናም፤ ስለዚህ ምዕራፍ ሁለት ተቀርጾ ድጋፉ ይራዘማል። ዶክተር ልዩ፣ ሰዉ ሃይማኖት እንዳለው ያውቅ እንደሆነ የሚለካ አዲስ መጠይቅ አዘጋጃለሁ አለች። ለሚ ካርዱ ላይ ሃይማኖት የሚመረጥበት ቦታ እንደሚጨምር ተናግሮ፣ «ሌላ» የሚል ምርጫ ይኑር አይኑር በሚለው ላይ ግማሽ ቀን አወያየ። እስከዚያው ግን ቦኖው እንዳይነካካ ብሎ አዳማ ቁጭ ብሎ በስልኩ ቆልፎታል።

«ሁለት በርሜል ስጡኝ» አለች ሌንሳ። «አንዱ ለዚህ፣ አንዱ ለዚያ። ለየብቻ አከስልላቸዋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ጥናቱ ሳያልቅ መንደሩን ከነካነው ውጤቱ ይበላሻል» አሉ ዶክተር ቶሌራ።

«ዶክተር፣ ውጤቱ እኮ ድድ ውስጥ ነው ያለው። እርስዎን አይጠብቅም።»

«ወይዘሪት ሌንሳ፣ ስሜታዊ አንሁን። ማጣሪያው የተቋሙ ንብረት ነው፣ የፈጠራ መብቱም እንዲሁ። ያለ ፈቃድ የሚነካው ሰው በሕግ ይጠየቃል።» ይህን ብለው ለሚቀጥለው ወርክሾፕ የትኛው ሐይቅ እንደሚሻል ወደ መምረጥ ገቡ።

ሌንሳ ከስብሰባው ወጥታ፣ ሚኒባስ ተሳፍራ፣ ዓለም ጤና ወረደች። በማግስቱ ጠዋት ቡርቃ ግራሩ ሥር ሽማግሌዎቹን አስቀመጠች። «አካም ቡልታኒ» ብላ በኦሮምኛ እንዴት እንዳደሩ ጠይቃ፣ እጅ ነስታ፣ ቆማ ተናገረች። አጥንት እንደነበር፣ እያወቀች ዝም እንዳለች፣ የደበቀችው ንቃቸው ሳይሆን ፈርታ እንደሆነ፣ ስለ ልጆቹም ጥርስ ሁሉንም ነገረቻቸው። ይቅርታ ጠየቀች። ሐጂ ጫምሳ ለረጅም ጊዜ ከዘራቸውን መሬት ላይ ሲያሽከረክሩ ቆዩ።

«እኔ እኮ የዋጥኩት ነው የሚቆጨኝ» አሉ። «ጉንጬ ውስጥ እያለ ልተፋው ነበር፣ ካሜራው አፈጠጠብኝ።»

ለየብቻ ይከሰል የሚለው ወዲያው አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግን ቀላል አልነበረም። የሽማግሌ ጉባኤም ጉባኤ ነው። የክርስቲያኑ ቦኖ በቀኝ ይሁን በግራ በሚለው ብቻ ሁለት ሰው ተቆጥቶ ተነስቶ ሄዶ ተለምኖ ተመለሰ። ከዚያ ጾሙ መጣ። አንድ ወጣት ዲያቆን፣ አጥንት ያለፈበት ውሃ በጾም እንዴት ይጠጣል ብሎ ሞገተ። ቄስ ኃይለጊዮርጊስ ወደ ሌንሳ ዞሩ።

«ይበላል?» አሏት።

«አይበላም፣ አባ።»

«ስብ አለው? ይሸታል?»

«ሁሉንም እሳቱ ጨርሶታል።»

«እንግዲያ እሳት የበላውን እኛ በላን አይባልም፤ ጾም አይሽርም» አሉ ቄሱ። ቀጥለውም፣ «የማን እንደሆነ ግን ይታወቅ» አሉ። ዲያቆኑ አልተዋጠለትም፣ መሞገቱን ግን ተወ። ሐጂውም በበኩላቸው አጥንቱ የራሳቸው ሰዎች ካረዱት ብቻ እንዲሆን፣ እቶኑም ላይ የራሳቸው ሰው እንዲቆም አሉ። ሌንሳ ሁሉንም እሺ አለች።

የመንደሩ ቧንቧ ሠራተኛ ጀቤሳ ጴንጤ ነው፣ እስካሁን ከዳር ቁጭ ብሎ ያዳምጥ ነበር። «እኛስ?» አለ። «እኛ ከየትኛው ነው የምንቀዳው?» ይህን ማንም አላሰበበትም ነበር።

«ሰልፉ ካጠረው» አሉ ሐጂ ጫምሳ። ግራሩ ሥር ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ከምርቃቱ ወዲህ ቡርቃ የሳቀችው ያኔ ነው።

በርሜሎቹ ሞጆ ካለ ጋራዥ ተለምነው በሽንኩርት መኪና መጡ። ገና ደረሰና ክርስቲያኑ የቅርጫውን አጥንት፣ ሳይቀብር ሳይጥል፣ በየቤቱ አጠራቅሞ አመጣ። ሙስሊሞቹም የሰደቃቸውን አመጡ። ሁለት እቶን ጎን ለጎን ነደደ፤ የሁለቱም ጭስ አንድ ዓይነት ገማ፣ በዚህ ላይ ክርክር አልተነሳም። ጀቤሳ በትልቁ የቧንቧ መፍቻው የለሚን ቁልፍ ነቅሎ፣ ሁለት ተራ ቧንቧ ገጠመ። ሲና ከክርስቲያኑ ቦኖ የጠጣች ዕለት ሌንሳ ጂጂን አቅፋ ብዙ ቆየች። ስክሪኑን አንዲት ዶሮ ወረሰችው፤ ሥሩ ጥላ አለው።

አዳማ ላይ የለሚ ስልክ «ስህተት ተፈጥሯል» ብሎ ጮኸ፣ ነገሩም ከታች እስከ ላይ ተሰማ። ሌንሳ ለዲሲፕሊን ቀረበች። አንድ ማጣሪያ መትከልን በሁለት ዓመት ያልጨረሱት ሰዎች፣ እሷን ማባረሩን በአንድ ስብሰባ ጨረሱት። ሊሰጣት የነበረው የውጭ አገር የዶክትሬት ዕድልም አብሮ ሄደ፤ ለሌላ ሰው ተሰጠ፣ ስለ ስማርት ቦኖ ሊያጠና። እሷ ዓለም ጤና ቤት ተከራይታ ኬሚስትሪ ታስተምር ጀመር። ቆጭቷታል፣ አልቆጫትም ማለት ውሸት ነው፤ ሌሊት ሌሊት ምድር ቤቱ ላብራቶሪ ይመጣባታል። በገበያ ቀን ጠዋት ጂጂ ሲናን ይዛ ስትመጣ ግን ይለቃታል።

ዓመታት አለፉ። ሲና ተማሪ ቤት ገባች፣ የወተት ጥርሶቿ ወለቁ፣ ፊት ለፊት ያሉት ሁለቱ ትልልቆች ብቅ አሉ። መጀመሪያ ጫፋቸው ብቻ በወጣ ጊዜ ኖራ የተቀባ መሰለ፤ ውሎ አድሮ ያ ጫፍ በለዘ። ሌንሳ አየችና ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው ብላ ለጂጂ እንኳ ሳትነግር ሰነበተች። ጥርሶቹ ግን ማደጋቸውን አላቆሙም። ከበለዘው ጫፍ ተከትሎ፣ በቀን በቀን፣ ንጹሕ ነጭ ጥርስ መጣ።

በዚያው ሰሞን ዶክተር ቶሌራ ቡርቃ መጡ። ፕሮጀክቱ በሪፖርት ላይ ተሳክቶ ተጠናቋል፤ ሁለቱ ቦኖዎችም «ሃይማኖታዊ ብዝኃነትን ያቀናጀ የውሃ አቅርቦት» በሚል ስም የተቋሙ ሥራ ሆነዋል። ከውጭ እንግዶች ስለሚመጡ አዳራሹ ውስጥ የሚሰቀል ትልቅ ፎቶግራፍ ያስፈልጋል፤ ቦኖው አጠገብ የምትስቅ አንዲት ልጅ። ለሚም አብሮ መጥቷል፣ ጫማው አሁንም ነጭ ነው። ሌንሳን ሲያያት አንገቱን ደፋ፣ ከዚያ ከልቡ ሳማት፤ ክፋት የለውም ብለናል። ከልጆቹ መሃል ሳቂታዋ ሲና ተመረጠች። ሳቅ አሏት፣ ሳቀች። ፎቶው ተነሳ።

ዶክተር ቶሌራ ፎቶውን አዩና ግንባራቸው ተቋጠረ። «ይህች ልጅ የኛን ውሃ አይደለም እንዴ የጠጣችው? ጫፉ ለምን በለዘ?»

«ጥርስ ሲሠራ ከጫፉ ነው የሚጀምረው፣ ዶክተር» አለች ሌንሳ። «ነጩ ቦኖው ከተከፈተ ወዲህ የተሠራው ነው። ጫፉ ላይ ያለው እኛ ሐይቅ ዳር ለሐይቅ ዳር ስንዞር፣ ስለ ሎጎ ስንከራከር፣ እኔም አጥንት ነው ማለት ፈርቼ ከሰል ነው ስል የተሠራ ነው።»

ዶክተር ቶሌራ ልጅቷን አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩ። «ጥሩ ነጥብ ነው» አሉ። «ለሚ፣ ፎቶው ላይ ማስተካከል ይቻላል?»

«ቀላል ነው፣ አፕ አለው» አለ ለሚ። ስልኩን አንዴ ሁለቴ በጣቱ ነካ ነካ አደረገው፣ ጫፉም እንደ ሌላው ነጭ ሆነ። ዶክተሩ ደስ አላቸው። ለሚ ልጅቷም ደስ እንዲላት ብሎ ጎንበስ ብሎ አሳያት።

ሲና ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ አየችው፣ አየችው። ምላሷን የራሷ ጥርስ ላይ አስኬደች። ወደ ቀኙ ቦኖ ዞረች፣ ወደ ግራው ዞረች።

«አክስቴ» አለች፣ «ይቺኛዋ ከየትኛው ነው የምትቀዳው?»

«እሷ እዚህ አትቀዳም» አለቻት ሌንሳ። «የሷ ቦኖ አዳማ ነው።»